አንድ ቃል ብቻ ይሁን

ጭሮ ውስጥ ጎርፍ ሲመጣ ማን ይጩህ የሚለው ጉዳይ ከጎርፉ የበለጠ ሰው አጨቃጭቋል። ገንዘቡን ያመጣው ፕሮጀክት ሳይረን ይገዛ አለ። ለስብሰባው የተጠሩት የታችኛው ሰፈር ሽማግሌዎች እምቢ አሉ። «ሳይረን የሰማ ሰው ጦርነት መጣ ብሎ በሩን ቀርቅሮ አልጋ ሥር ይገባል። ጎርፍ ደግሞ አልጋ ሥር የተገኘውን ነው ቀድሞ የሚወስደው» አሉ። እውነታቸውን ነው። በዚህ ዘመን ድንገተኛ ድምፅ ሰምቶ ስለ ዝናብ የሚያስብ ሰው የት ይገኛል? ስለዚህ ማስጠንቀቂያው የሰው ድምፅ እንዲሆን፣ ድምፁም የፋሩቅ እንዲሆን ተወሰነ።

ፋሩቅ የፕሮጀክቱ ሠራተኛ፣ የከተማው ልጅ ነው። ሠርግ ላይ ሲዘፍን ማይክ አይነካም፤ አያስፈልገውም። ለሥልጠና ከአዲስ አበባ የመጣው ባለሙያ ደግሞ «የደነገጠ ሰው ዓረፍተ ነገር አይሰማም፤ አንድ ቃል ብቻ ይሁን» ብሎ አሳሰበ። ቃሉ «ሎላ» ሆነ፤ በኦሮምኛ ጎርፍ ማለት ነው። ሰፈሩ ይህን ቃል ሲሰማ ሁሉን ትቶ ሽቅብ ወደ ትምህርት ቤቱ ሜዳ እንዲወጣ ተነገረው። ተጨበጨበ፣ ለስላሳ ተጠጣ፣ ዕቅዱ ጸደቀ። ፋሩቅ ባይኖርስ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። እኛ እንዲህ ነን፤ ለውሃው እናቅዳለን፣ ለሠርግና ለለቅሶ አናቅድም።

የዕቅዱን ካርታ የሠራው ይልቃል ነበር። የቢቸና ልጅ ነው። ፕሮጀክቱ የቀጠረው ካርታ ስለሚችል ነው፤ ካርታ ደግሞ ቋንቋ አይጠይቅም። ኑሮ ግን ይጠይቃል። የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ደጎች ናቸው፤ እሱ ሲገባ ወሬያቸውን ወደ አማርኛ ይመልሱለታል። ጥቂት ቆይቶ ወሬው በራሱ ጊዜ ወደ መጣበት ይመለሳል፤ ሳቁም የሚመጣው ልክ እዚያ ላይ ነው። ይልቃል ሁሉም ስቆ ሲጨርስ ፈገግ ይላል። ምን እንደተባለ ሳያውቁ ፈገግ ማለት እንዴት እንደሚያደክም የሚያውቀው የደረሰበት ብቻ ነው። ከሰዓት በኋላ ሰው ጫቱን ይዞ ወደየወዳጁ ቤት ሲገባ፣ እሱ አይቅምምና አስፋልቱን ይወጣል፣ ይወርዳል። እናቱ በስልክ «ሰው ለመድህ ልጄ?» ሲሉት «ለመድኩ» ይላቸዋል። አልለመደም። ብቸኛ ነበር፤ ነገሩ ይኸው ነው።

አገር ያስለመዱት አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ አዴ ሀኒፋ። «አዴ» እናት እንደ ማለት ነው። ከደረቁ ወንዝ ዳር ባለው ግቢያቸው ውስጥ የጓሮዋን ክፍል አከራይተውታል። ባላቸው ሞተዋል፤ አንዲት ልጃቸው ሳሊሃ መቻራ አግብታ እዚያው ትኖራለች። አመሻሽ ላይ በራቸው ደጃፍ ተቀምጠው ከቡና ገለባ በወተት የሚፈላውን ሆጃ ይቀዱለታል። ረቡዕና ዓርብ ወተቱን ይተዉታል። ይልቃል ራሱ ጾሙን ሲረሳ እንኳ እሳቸው አይረሱም። «ጾምህን እኔ ቤት አታፈርስም፤ በኋላ የምጠየቀው እኔ ነኝ» ይሉታል።

ከሆጃው በኋላ ትምህርት ነው፤ ትምህርት ከተባለ። ይልቃል ኦሮምኛ ይናገራል፣ አዴ ሀኒፋ ይስቃሉ። ኦሮምኛ ድምፅን ሳብ በማድረግና ባለማድረግ ብቻ ቃልን ከቃል ይለያል። የይልቃል አፍ ደግሞ የሚሳበውን ያሳጥራል፣ አጭሩን ይጎትታል። ሲለያዩ «ነገ እንገናኝ» ለማለት «ቦሩ»ን ይጎትትና «ድፍርስ እንገናኝ» ብሏቸው ያርፋል። አዴ ሀኒፋ ጉፍታቸው ከራሳቸው እስኪንሸራተት ይስቃሉ። «እሺ ያ ኢልማኮ፣ እሺ ልጄ! ድፍርስ ያገናኘን!» ከአጥሩ ወዲያ ያሉት ጎረቤቶች «ዛሬ ደግሞ ምን አለ?» ብለው ይጮሃሉ። መሥሪያ ቤት በማይገባው ሳቅ ሲደክም የዋለ ሰው፣ እዚህ የሚሳቀው በራሱ ነውና ደስ ይለዋል። ሰው በአንተ ሲስቅብህ ቢያንስ እዚያ አለህ ማለት ነው።

ታዲያ ካርታው ሲሠራ የአዴ ሀኒፋ ግቢ ቀይ ሆነ። ሌላ ቀለም ሊሆን አይችልም። ወንዙ ደርቆ ከብት ቢነዳበትም፣ ተራራው ላይ ጠንከር አድርጎ የዘነበ ቀን ያን ግቢ የሚስትበት ምክንያት የለም። ይልቃል ቀዩን ቀብቶ ኮምፒውተሩ ፊት ብዙ ተቀመጠ። ቀይ ውስጥ ያለ ሰው ይነሣል። አዴ ሀኒፋ ከተነሡ የሚሄዱት መቻራ ነው፤ ሳሊሃ በየዓመቱ «እናቴ ነዪ» እያለች ናት። ካርታ የሚቀባ ሰው ለራሱ ማዘን የለበትም፤ እሱ ግን አዘነ።

ማታውኑ ነገራቸው።

«ቀይ ማለት ምንድነው?» አሉት።

«ውሃው እዚህ ይደርሳል ማለት ነው፣ አዴ። መነሣት አለብዎት።»

«መቼ ነው የሚደርሰው?»

«እሱማ አይታወቅም።»

«ሞትም አይታወቅም። ለሱ ብዬ ከቤቴ ወጣሁ?» ሆጃውን ጨመሩለት። «ቀዩን የቀባኸው አንተ፣ እዚሁ ቁጭ ብለህ ትጠጣ የለም እንዴ? ፋሩቅ ይጮሃል ብላችሁን የለም? ሲጮህ እወጣለሁ። በቃ።»

ይልቃል ሊከራከር አስቦ ነበር። ጥናቱ አለ፣ ቁጥሩ አለ፣ የሌላ ከተማ ምሳሌ አለ። አንዱንም አላነሣም፤ ስለማይሄዱ ደስ ብሎታል። ወዲያው ደግሞ ደስ ስላለው አፈረ። እንዲህ ዓይነቱን ደስታ ለማንም አይናገሩትም፤ ውጠውት ይተኛሉ።

ውሃው የመጣው ፋሩቅ ለዘመድ ሠርግ ቦርደዴ በወረደ ዕለት ነው። ከሰዓት በኋላ ነበር። ጭሮ ላይ ፀሐይ አለ፤ የጠቆረው ተራራው ብቻ ነው። ይልቃል ቢሮ ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ ሳለ፣ ወንዙን እንዲጠብቅ የተመደበው እንዳሻው የሚባል የላይኛው ቀበሌ የጤና ባለሙያ ደወለ።

«ወንዙ ሞልቷል! ድንጋይ እያንከባለለ ነው የሚወርደው! ቶሎ በሉ!»

ይልቃል ፋሩቅ ጋ ደወለ። ስልኩ ተነሣ፤ ከበሮና እልልታ ተሰማው፤ ፋሩቅ «ሃሎ? ሃሎ?» እያለ ሳለ ተቋረጠ። ይልቃል ሜጋፎኑን ከቁም ሣጥን ላይ አውርዶ ቁልቁል ሮጠ። መንገድ ላይ ያገኘውን ሰው ይዞ «አንተ ጩህልኝ» ማለት ይችል ነበር። ይህ ትዝ ያለው በኋላ ነው። ያን ሰዓት ትዝ የሚሉት አዴ ሀኒፋ ብቻ ነበሩ፤ ከሰዓት በኋላ ጋደም የማለት ልማድ አላቸው።

ታችኛው ሰፈር ደርሶ ባለ በሌለ ኃይሉ ጮኸ።

«ሎላ! ሎላ! ሎላ!»

ወዮ ለዚህች ቃል! ሳብ ተደርጋ ስትነገር ጎርፍ ናት። አጥራ ስትነገር ጦርነት ናት። በእኛ ፊደል ሲጽፏት ሁለቱም ያው «ሎላ» ናቸው፤ ዓይን አይለያቸውም፣ የይልቃልም ጆሮ አይለያቸውም። አፉ እንደ ልማዱ የሚሳበውን አሳጠረ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ? እሱም አላወቀውም። «ጦርነት! ጦርነት! ጦርነት!» እያለ ሰፈሩን ይዞር ጀመር።

ሰፈሩ ሰማ። ሰምቶም እንደዚያ ቀን ፈጥኖ አያውቅም። ሱቆች ተጠረቀሙ። እናቶች ልጆቻቸውን ከመንገድ እየነጠቁ ገቡ። የቆርቆሮ በሮች ከውስጥ ተቀረቀሩ፤ ጫት ላይ የነበሩት መስኮታቸውን ዘጉ። ሽማግሌዎቹ ሳይረኑን የከለከሉበት ነገር ሁሉ፣ ያለ ሳይረን፣ አንድም ሳይቀር ሆነ። ይልቃል መንገዱ መሀል ብቻውን ቀረ።

መጀመሪያ ዕቃቸውን ሊይዙ የገቡ መሰለው። ትንሽ ጠበቀ፤ የሚወጣ የለም። በር መደብደብ ያዘ። «ሎላ! ሎላ!» ይላል፤ በሩ ጭጭ። ወደ ሌላው ይሮጣል፤ ጭጭ። ግራ ሲገባው ወደ አማርኛው ገባ። «ጎርፍ ነው! ውጡ! ኧረ ውጡ!» ጦርነት መጣ በተባለ ሰዓት፣ በር እየደበደበ «ውጡ» የሚል እንግዳ ሰምቶ የሚወጣ ሞኝ ግን አልተፈጠረም። በጮኸ ቁጥር ይብስ ይዘጉበታል፤ አንዱ ቤት ከውስጥ አልጋ እየጎተቱ በሩ ላይ ሲያስደግፉ ሰማ። እጁ ደማ። በየበሩ ጀርባ ሰው አለ፣ ሕፃን ሲያባብሉ ይሰማል፣ የሚከፍትለት ግን አንድ እንኳ የለም። በሕይወቱ ብቸኛ የሆነበት ቀን ብዙ ነው፤ እንደዚያች ሰዓት ግን ሆኖ አያውቅም። አለቀሰ፣ እያለቀሰም ደበደበ።

ከላይ በኩል ሲኖትራክ ዳገት ሲወጣ እንደሚያጓራው ዓይነት ድምፅ መምጣት ጀመረ።

አዴ ሀኒፋም እንደ ሰው ሁሉ በራቸውን ቀርቅረው ዱዓ ላይ ነበሩ። እየቆዩ ግን ድምፁን አዳመጡት። ጦርነት ያወጀው ሰው ያለቅሳል። ደግሞ ይህን አፍ ያውቁታል፤ ሆጃ ሲያጠጡት የኖሩት አፍ ነው። «ይሄማ ይልቃል ነው» አሉ። ይልቃል «ድፍርስ» ካለ «ነገ» ማለቱ ነው፤ ይልቃል «ጦርነት» ካለ ደግሞ፣ ያ አላህ! መቀርቀሪያውን ስበው ወጡ።

«ያ ኢልማኮ! ውሃ ነው?»

«ውሃ ነው አዴ! ውሃ!»

ሜጋፎኑን ከእጁ ነጠቁት። በየት በኩል እንደሚነገርበት አላወቁም፤ ወረወሩትና በባዶ ጉሮሯቸው ጮኹ። «ሎላኣኣኣ! ሎላኣኣኣ! ቢሻንቱ ዱፌ!» ውሃ ነው የመጣው ማለታቸው ነው። ቃሏን እስከ ሰፈሩ ዳር ድረስ ሳቧት።

በሮቹ ተከፈቱ። ሰው ሕፃን በጀርባው፣ ፍየል በገመዱ፣ አንዱም ያላለቀ ጫቱን ጨብጦ ሽቅብ ነጎደ። ይልቃል አዴ ሀኒፋን ደግፎ ሲወጣ ትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ዞሮ አየ። የመጣው ውሃ ብቻ አይደለም፤ ጭቃና ቋጥኝና ከነሥሩ የተነቀለ ዛፍ ነው። የአዴ ሀኒፋን አጥር አነሣ፤ የጓሮዋን ክፍል አነሣ፤ ዋናውን ቤት ትንሽ አመነታና እሱንም ወሰደው። ሰው አልሞተም። አዴ ሀኒፋ ቤታቸው ሲሄድ አዩና «አልሐምዱሊላህ» አሉ፤ ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ ብለው ፊታቸውን በጉፍታቸው ሸፈኑ።

በማግስቱ ሜዳው ላይ ሰፈሩ ይስቅ ነበር። ከሞት ያመለጠ ሰው ሳቁ ብዙ ነው። «ጦርነት አውጆብን ከጎርፍ አተረፈን» ይላሉ። ይልቃል ሲያልፍ ትከሻውን መታ መታ ያደርጉታል፣ ሙዝ ይሰጡታል። ኮሚቴውም ተሰበሰበ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ፋሩቅ በሌለ ቀን የሚጮኹ ሰዎች ተመረጡ። ይልቃል ከተመራጮቹ ውስጥ የለበትም፤ እሱም አልተቀየመም።

ሳሊሃ እናቷን ልትወስድ ከመቻራ ደረሰች። አዴ ሀኒፋ ግን ወዲያው አልተነሡም። ይልቃልን ወደ ተሰጣቸው ድንኳን አስጠሩት።

«አንተ ታውቃለህ» አሉት። «ሳሊሃ እንሂድ ትላለች። ቀበሌ ደግሞ ገደሉ ሥር ቦታ እሰጣለሁ ብሏል። አንተ ይቀመጡ ካልከኝ እቀመጣለሁ። ቆርቆሮ ቢሆን ምን አለበት? ላንተም አንድ ክፍል እናወጣለን። ምን ትላለህ?»

ገደሉ ሥር ያለውን ቦታ ይልቃል ያውቀዋል። ካርታው ላይ ቢጫ ነው። ቀይ አይደለም፤ ክረምት በገባ ቁጥር ግን አፈሩ ከላይ ይንዳል፣ አንድ ቀን ብዙ ሆኖ ይናድ ይሆናል፣ ላይናድም ይችላል። «ይቀመጡ» የሚለው ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር። በዚህ ከተማ ውስጥ እንዲህ የፈለገው ነገር የለም። ይልቃል አንድ ቀን ደስታውን ውጦ ተኝቷል፤ የዚያን ደስታ መጨረሻ ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ቆሞ አይቶታል።

«ይሂዱ፣ አዴ» አለ። «መቻራ ይሻላል።»

ብዙ አዩት። «እርግጠኛ ነህ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

ሚኒባሱ ሲነሣ በመስኮት እጃቸውን አውጥተው ራሱን ዳበሱት። «ሰው አያሳጣህ» ብለው መረቁት። «አሜን» አለ። መኪናው ከታጠፈ በኋላም እዚያው ቆሞ ቀረ፤ የሚሄድበት ቦታ አልነበረውም።

ይልቃል አስፋልቱ ዳር ካለው አዲስ ፎቅ ላይ ክፍል ተከራየ። ወለሉ ሴራሚክ ነው፣ ውሃ አይጠፋም። ጎርፍ አይደርስበትም፤ ሰውም አይደርስበትም። ረቡዕ መሆኑን የሚነግረው ስለሌለ ጾሙን እየረሳ ይገድፋል። ማታ ማታ ከቢሮ ሲወጣ እግሩ በልማድ ቁልቁል ይጀምርና መሀል ላይ ትዝ ብሎት ይመለሳል።

በዚህ መሀል አንድ ነገር ወሰነ፤ ያችን ቋንቋ አሳምሮ ሊናገር። ፋሩቅን አስተምረኝ አለው። ፋሩቅ ስለዚያ ሠርግ ሐፍረቱ ስላልለቀቀው ከልቡ አስተማረ። «ሳብ... ሳብ... አሁን ቁረጥ! የለም፣ ቀድመህ ቆረጥከው።» ይልቃል መንገድ ላይ ብቻውን እያጉተመተመ ሲሄድ ያዩት ሰዎች በጎርፉ ድንጋጤ የነካው ነገር አለ ይሉ ነበር። ግድ አልሰጠውም። የሚያስበው አንድ ነገር ነው፤ አዴ ሀኒፋ ሲሰሙት ምን ይሉ ይሆን። በጋው ሳያልቅ ባለ ሱቆቹ በአማርኛ መመለስ ተዉለት። ቢሮ ውስጥ ወሬው ወደ መጣበት ሲመለስ እሱም አብሮ ይመለስ ጀመር። የሚስቁት በአለቃቸው አካሄድ እንደነበር ያኔ ገባው፤ ያን ያህልም አያስቅም።

የአዴ ሀኒፋን ስልክ ጎርፍ ወስዶታል፤ የሳሊሃን ቁጥር በዚያ ግርግር አልተቀበለም። ብዙ ጠያይቆ ከአንድ የመቻራ ቡና ነጋዴ አገኘው። ያገኘ ዕለት ክፍሉን ዘግቶ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ ደወለ። ሳሊሃ አነሣች። እናቷን እንድታገናኘው በኦሮምኛ ጠየቃት፤ አንድ ነገር ሳትጠይቀው «ቆይ» ብላ ስልኩን ለእናቷ ሰጠች።

ሰላምታውን ከዳር እስከ ዳር በኦሮምኛ አደረሰ። ጤናቸውን ጠየቀ፣ የልጅ ልጆቻቸውን ጠየቀ፣ የመቻራን ዝናብና የቡናውን አበባ ጠየቀ። የሚሳበውን ሳበ፣ የሚያጥረውን ቆረጠ፤ ፋሩቅ ቢሰማው ያጨበጭብ ነበር። አዴ ሀኒፋ ለእያንዳንዱ ጥያቄ በአክብሮት መለሱ፣ ፈጣሪን አመሰገኑ፣ እሱንም ከነቤተሰቡ መረቁት። ከዚያ በአንቱታ ጠየቁት፤ ለማያውቁት ሰው እንደሚባለው።

«ይቅርታ፣ ማን ልበል?»

በተዘጋ በር፣ ከዚያ ሁሉ ጩኸት መሀል ያወቁት ሴት ናቸው።

«ይልቃል ነኝ፣ አዴ» አለ በአማርኛ።

«ይልቃል? የኔ ይልቃል? ኧረ በአላህ! እኔ እኮ የዚህ አገር ሰው መሰልከኝ። ስለ ቡናው ከማኅበሩ የሚደውሉ አሉ፣ ከነሱ አንዱ ነው ብዬ! ማሻአላህ! ማን አስተማረህ? እስቲ ድገመው፣ ድገመው ልስማህ።»

ደገመው። አንድም ቦታ አልሳተም።

«ጎበዝ፣ ያ ኢልማኮ!» አሉት። ድምፃቸው ኩራት ነበረበት። «እንግዲህ ማንም አይስቅብህም።»

ይልቃል ስልኩን ጆሮው ላይ ተጭኖ ጠበቀ። አዴ ሀኒፋ አልሳቁም። ስለ ዝናቡ ይነግሩት ጀመር፤ ረጋ ብለው፣ ለአንድ ትልቅ ሰው እንደሚያወሩ፣ እሱም በሚገባ እያዳመጠ በትክክለኛው ቦታ ሁሉ «እሺ፣ እሺ» አላቸው።